የባሕር ጠላቂው የዣክ ኢቭ ኩስቶ ታሪክ

ሰው የማያውቀውን ነገር ይፈራል፤ የፈራውንም ነገር ለማጥፋት ይቸኩላል። በአገራችን ሌሊት ጅብ ሲጮኽ ሰምቶ ብርድ ልብሱን ያልተከናነበ ልጅ የለም፤ በሐረር ግን ጅቦቹን በስም እየጠሩ ሥጋ የሚያጎርሱ ሰዎች አሉ። ጅቡ ያው ጅብ ነው፤ ልዩነቱ ሰዎቹ አውሬውን በማወቃቸውና ባለማወቃቸው ላይ ነው።

በባሕር ውስጥም እንደ ጅብ ስሙ የከፋ፥ ሻርክ የሚባል ዓሣ አለ። ስለዚህ ዓሣና ከእርሱ ጋር ስለ ተገናኘው ፈረንሳዊ ጠላቂ ስለ ኩስቶ ዘንድሮ በክፍላችን ውስጥ ብርቱ ክርክር ተነሥቶ ነበር። ለትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በሚታተመው በዚህ መጽሔት ውስጥ የአንድ ታላቅ ሰው ታሪክ እንድንጽፍ በታዘዝን ጊዜ፥ ከመካከላችን ገሚሱ ኩስቶን መረጠ፤ ገሚሱ ደግሞ መርከበኞቹ ሻርክን በመጥረቢያ ሲደበድቡ ፊልም ያነሣ ሰው ለታናናሾቻችን ምሳሌ ሊሆን አይገባም ሲል ተቃወመ። በመጨረሻም ፍርድ ከመስጠታችን በፊት ሕይወቱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ልናጠና ተስማማን። ያገኘነውን ከዚህ በታች እናቀርባለን፤ ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ዣክ ኢቭ ኩስቶ በጁን 11 ቀን 1910 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር፥ በቦርዶ አጠገብ ባለችው ሳንታንድሬ ደ ኩብዛክ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። በልጅነቱ ቀጭንና ሕመም የሚደጋግመው ልጅ ነበር፤ ነገር ግን ውሃ በጣም ይወድ ነበር። ወላጆቹ ወደ አሜሪካ ይዘውት በሄዱ ጊዜ በአንድ ሐይቅ ዳር በልጆች ሠፈር ውስጥ ሳለ ከሐይቁ ሥር የወደቁትን እንጨቶች እንዲያወጣ ታዘዘ፤ ትንፋሹን ይዞ መጥለቅን የተለማመደውም በዚህ ሥራ ነው። በትምህርቱ ግን እምብዛም አልተመሰገነም፤ የትምህርት ቤቱን መስኮቶች በመስበሩም ተባርሮ ጥብቅ ሥርዓት ወዳለበት አዳሪ ትምህርት ቤት ተላከ። ይህን የምንጽፈው ታናናሾቻችን መስኮት እንዲሰብሩ ብለን ሳይሆን፥ አጀማመሩ ያላማረ ልጅ ሁሉ የጠፋ እንዳልሆነ ለማሳየት ነው።

በ1930 ዓ.ም. የባሕር ኃይል ትምህርት ቤት ገባ። ምኞቱ ግን አይሮፕላን ነጂ ለመሆን ነበር። በ1936 ዓ.ም. አንድ ሌሊት መኪና ሲነዳ ተገልብጦ ክንዶቹ ተሰበሩ፤ የአይሮፕላን ነጂነቱም ተስፋ በዚያው ቀረ። ክንዶቹ እንዲጠነክሩለት ቱሎን በምትባለው የወደብ ከተማ ዘወትር ይዋኝ ጀመር። ፊሊፕ ታዬ የሚባል ባልደረባው በውሃ ውስጥ የሚያሳይ መነጽር አዋሰው። ኩስቶ መነጽሩን አድርጎ ፊቱን ወደ ውሃው ዝቅ ባደረገ ጊዜ ዓሣውን፥ ቋጥኙንና የባሕሩን ሣር እንደ ቀን ብርሃን አየ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ልቡ ከሰማይ ወደ ባሕር ዞረ።

በዚያን ዘመን ወደ ባሕር ጥልቅ የሚወርድ ሰው የመዳብ ቆብ ደፍቶ፥ ከባድ ጫማ ተጫምቶ፥ ከመርከብ በቱቦ አየር እየተላከለት ይሠራ ነበር። ቱቦው እንደ ታሰረ ከብት ስለሚይዘው እንደ ልቡ ሊዘዋወር አይችልም። ኩስቶ ግን እንደ ዓሣ በነፃ ለመዋኘት ፈለገ። ችግሩ ይህ ነው፦ በፊዚክስ ትምህርታችን እንደ ተማርነው፥ ጠላቂው 10 ሜትር በወረደ ቍጥር ግፊቱ በአንድ አትሞስፌር ይጨምራል። ስለዚህ በ30 ሜትር ጥልቀት ላይ ያለው ግፊት ከውሃው በላይ ካለው አራት እጥፍ ይሆናል፤ አየሩም በዚያው መጠን ተጨምቆ ካልመጣለት ደረቱን ሊነፋ አይችልም።

ኩስቶ በ1937 ዓ.ም. ያገባት ሚስቱ ሲሞን አባቷ ኤር ሊኪድ በተባለው የጋዝ ኩባንያ ውስጥ ይሠራ ስለ ነበር፥ በእርሱ በኩል ኤሚል ጋኛን ከተባለ መሐንዲስ ጋር ተዋወቀ። ጋኛን በጦርነቱ ምክንያት ቤንዚን ስለ ጠፋ መኪናዎች በጋዝ እንዲሄዱ የጋዙን መጠን የሚቈጣጠር አነስተኛ መሣሪያ ሠርቶ ነበር። ሁለቱ ያንኑ መሣሪያ አሻሽለው፥ ጠላቂው ሲስብ ብቻ በዙሪያው ባለው ውሃ ግፊት ልክ አየር የሚሰጥ አደረጉት። በ1943 ዓ.ም. በማርን ወንዝ በሞከሩት ጊዜ፥ ኩስቶ ቀጥ ብሎ ሲቆም አየሩ እየባከነ፥ ሲዘቀዘቅ ደግሞ እያጠረው አስቸገረ፤ ጉድለቱን ካረሙ በኋላ ግን በዚያው ዓመት በጁን ወር በሜዲቴራንያን ባሕር በሚገባ ሠራ። ዛሬ በዓለም ላይ በጀርባው የአየር በርሜል ተሸክሞ የሚጠልቅ ሁሉ የሚተነፍሰው በዚሁ ዘዴ ነው።

ይሁን እንጂ ጥልቁ ባሕር በሩን በነፃ አልከፈተም። በአየር ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ከ30 ሜትር በታች እንደ ጠጅ ያሰክራል፤ የሰከረውም ጠላቂ የት እንዳለ ይዘነጋል። ፈጥኖ ወደ ላይ የወጣ እንደ ሆነ ደግሞ፥ የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ሲከፈት እንደሚፈላ ሁሉ፥ ናይትሮጅኑ በደሙ ውስጥ አረፋ ሆኖ ሽባ ያደርገዋል ወይም ይገድለዋል። በ1946 ዓ.ም. ኩስቶና ባልደረባው ፍሬዴሪክ ዱማ ቮክሉዝ በተባለው የምንጭ ዋሻ ውስጥ ሲጠልቁ፥ በርሜላቸው ውስጥ የገባው አየር በሞተር ጭስ የተመረዘ ስለ ነበር ለጥቂት ከሞት ተረፉ። በሚቀጥለው ዓመት ሞሪስ ፋርግ የተባለው ጓደኛቸው 120 ሜትር ወርዶ በገመዱ ላይ በታሰረው ሰሌዳ ስሙን ፈረመ፤ በሕይወት ግን አልተመለሰም።

ከሻርክ ጋር ክፉኛ የተፋጠጠው በ1948 ዓ.ም. በአትላንቲክ ውቅያኖስ፥ በኬፕ ቨርዴ ደሴቶች አጠገብ ነው። እርሱና ዱማ ሻርኩ ሲያያቸው ይሸሻል ብለው ገምተው ነበር፤ ሻርኩ ግን እየዞረ ቀረበ፤ ሌሎችም ተጨመሩ። ኩስቶ በእጁ የነበረውን የፊልም ካሜራ በአውሬው አፍንጫ ላይ ሰነዘረ። ሁለቱም ተርፈው ወደ ጀልባቸው ተመለሱ፤ ፍርሃቱ ግን አብሯቸው ተመለሰ።

በ1950 ዓ.ም. አንድ እንግሊዛዊ ባለጸጋ በጦርነቱ ጊዜ ፈንጂ ትጠርግ የነበረች ካሊፕሶ የምትባል መርከብ ገዝቶ በዓመት ለአንድ ፍራንክ ብቻ አከራየው። ኩስቶ መርከቢቱን ለምርምር አሰናድቶ በ1951 ዓ.ም. ወደ ቀይ ባሕር ተጓዘ። በ1956 ዓ.ም. ከወጣቱ ከሉዊ ማል ጋር ያዘጋጀው የዝምታ ዓለም የተሰኘው ፊልም በካን ከተማ ከፍተኛውን ሽልማት ተቀበለ። ክፍላችንን ለሁለት የከፈለውም ይኸው ፊልም ነው። የካሊፕሶ ስለታም መቅዘፊያ አንድ የዓሣ ነባሪ ግልገል አቈሰለ፤ ደሙ ሻርኮችን ሰበሰበ፤ ሻርኮቹም ግልገሉን መቦጫጨቅ ሲጀምሩ መርከበኞቹ በቍጣ ወደ መርከቡ እየጎተቱ በመጥረቢያ ፈጇቸው። ግልገሉን ያቈሰለው መርከቡ ነበር፤ ቅጣቱን የተቀበሉት ግን ሻርኮቹ ናቸው። በዚሁ ፊልም የዓሣዎቹን ዓይነት ለመቍጠር ተብሎ በኮራል መካከል ድማሚት ሲፈነዳ ይታያል። ይህን ልንሸፋፍንለት አንፈልግም፤ ጥፋት ነው።

ነገር ግን ታሪኩ በዚህ አያበቃም። ከጎረቤታችን ከሱዳን ወደብ ከፖርት ሱዳን ወደ ሰሜን ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ሻብ ሩሚ የሚባል የኮራል ቋጥኝ አለ። ኮራል ማለት እጅግ ጥቃቅን ፍጥረታት በብዙ ሺህ ዓመታት ውስጥ የሚገነቡት እንደ ድንጋይ የጠነከረ ግንብ ነው። የሻብ ሩሚ ራስ ከውሃው ፊት ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ያቆማል፤ ጎኑ ግን እንደ ስሜን ገደል ቀጥ ብሎ በመቶ የሚቈጠር ሜትር ይወርዳል። በደቡብ ጫፉ ላይ ግራጫ ሻርኮችና ራሳቸው መዶሻ የሚመስል ሻርኮች በመንጋ ስለሚዞሩ፥ ቦታው በጠላቂዎች ዘንድ የታወቀ ነው።

ኩስቶ በ1963 ዓ.ም. በዚህ ቋጥኝ ላይ ቤት ሠራ። በ10 ሜትር ጥልቀት ላይ በባሕር ኮከብ ቅርጽ በተሠራው የብረት ቤት ውስጥ አምስት ሰዎች አንድ ወር ኖሩ፤ ከዚያም ዝቅ ብሎ ከ25 ሜትር በታች ባለች ጠባብ ጎጆ ውስጥ ሁለት ሰዎች ሂሊየም የተቀላቀለበት አየር እየተነፈሱ አንድ ሳምንት ቆዩ። የቤቱ በር ከወለሉ ሥር ሁልጊዜ ክፍት ነበር፤ የተደፋ ብርጭቆ ባልዲ ውስጥ ብንነክር ውሃው እንደማይሞላው ሁሉ፥ የቤቱ አየር ግፊት ውሃውን ያግደው ነበር። ሰዎቹ ከመኝታቸው ተነሥተው ቍርስ ይበላሉ፤ ይዘውት የወረዱትን በቀቀን ይመግባሉ፤ ከዚያም በወለሉ በር ወጥተው ሻርኮች ወዳሉበት ባሕር ይሠማራሉ። አደጋ ቢመጣ የሚሸሸጉባቸው የብረት ፍርግርግ ጎጆዎች ተዘጋጅተው ነበር።

ልዩነቱ ይህ ነው፦ ከመርከብ ሆኖ ለጥቂት ደቂቃ የሚወርድ ሰው እንግዳ ነው፤ እዚያው የሚያድር ግን ጎረቤት ይሆናል። ኩስቶና ባልደረቦቹ በቀይ ባሕር በእነዚህና በኋለኞቹ ዓመታት ሻርኮችን እየተከታተሉ አጠኑ። ሻርክ ብዙውን ጊዜ ዞሮ ተመልክቶ እንደሚሄድ፥ ደም ወይም የሚንፈራገጥ ዓሣ ባለበት ግን ጠባዩ እንደሚለወጥ አስተዋሉ። ጠላቂዎቹ ሻርክ ሲቀርብ የሚገፉበት ጫፉ አጫጭር ምስማር ያለው በትር ይይዙ ነበር፤ ምስማሩም ከቆዳው ላይ እንዳያዳልጥ እንጂ ለመውጋት አልነበረም። ቀድሞ በመርከቡ ላይ መጥረቢያ የነሡ እጆች አሁን ገፍቶ ማሳለፍን ተማሩ። ኩስቶ ከልጁ ከፊሊፕ ጋር በ1970 ዓ.ም. ስለ ሻርክ አንድ ሙሉ መጽሐፍ አሳተመ። ይሁንና ሻርክ የዋህ ነው ብሎ አላስተማረም፤ የሚያደርገው ሁሉ አስቀድሞ የማይታወቅ አውሬ መሆኑን ዘወትር ያስጠነቅቅ ነበር።

ከዚያ በኋላ የቀረውን ዘመኑን በአብዛኛው ባሕርን በመጠበቅ አሳለፈ። ገና በ1960 ዓ.ም. የአቶም ቆሻሻ በሜዲቴራንያን ባሕር እንዳይጣል ተከራክሮ ነበር፤ በ1973 ዓ.ም. ለባሕር የሚቆረቈር ማኅበር አቋቋመ፤ የደቡብ ዋልታ ምድር ከማዕድን ቍፋሮ እንዲጠበቅ ከታገሉት አንዱ ነበር። ሐዘንም አልተለየውም። ልጁ ፊሊፕ በ1979 ዓ.ም. በሊዝበን አጠገብ በአይሮፕላን አደጋ ሞተ፤ በካሊፕሶ ላይ ለብዙ ዓመታት የመርከበኞቹ እናት ሆና የኖረችው ሚስቱ ሲሞን በ1990 ዓ.ም. ዐረፈች፤ ካሊፕሶም በ1996 ዓ.ም. በሲንጋፖር ወደብ ተገጭታ ሰጠመች። ኩስቶ በጁን 25 ቀን 1997 ዓ.ም. በ87 ዓመቱ በፓሪስ ሞተ፤ በተወለደባትም ከተማ ተቀበረ።

አሁን ወደ ክርክራችን እንመለስ። ሻርክ በዓለም ዙሪያ በዓመት የሚገድላቸው ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ አሥር አይሞሉም፤ ሰው ግን በየዓመቱ የሚገድላቸው ሻርኮች በብዙ አሥር ሚሊዮን ይቈጠራሉ። በ2021 ዓ.ም. የታተመ ጥናት እንደሚያስረዳው በውቅያኖስ የሚኖሩት ሻርኮችና ዘመዶቻቸው ከ1970 ዓ.ም. ወዲህ በ71 በመቶ ቀንሰዋል። እንግዲህ መጥረቢያው ዛሬም አልወደቀም ማለት ነው። በአንጻሩ ከሻብ ሩሚ ብዙም የማይርቀው የሳንጋኔብ ቋጥኝ በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል።

ኩስቶን የተቃወሙት ጓደኞቻችን ዛሬም ፊልሙን ይቅር አላሉም፤ ይህን ጽሑፍ ግን አብረውን ጽፈዋል። ሁላችንም የተስማማንበት አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ሰው የሚመዘነው በጀመረበት ሳይሆን ተምሮ በደረሰበት ነው የሚል ነው። ኩስቶ የዝምታ ዓለምን ሲሠራ ከአርባ ዓመት በላይ የሆነው፥ ዝናው የተነገረለት ሰው ነበር፤ ቢሆንም ዐወቅሁ ብሎ አልተቀመጠም፤ እንደገና ተማሪ ሆነ። ከዚህ ትምህርት ቤት ልንሰናበት የተዘጋጀን እኛ ደግሞ ብዙ የማናውቃቸው ነገሮችና የማናውቃቸው ሰዎች ይጠብቁናል። የፈራነውን ከመምታታችን በፊት ጥቂት አብረነው ለመቆየት ያብቃን፤ ትምህርት ቤታችንንም ለብዙ በዓላት ያድርስልን።