ስሙን በሽታ የወሰደበት ሐኪም

የእንስሳት ሐኪም ሆኜ ሥራ በጀመርኩበት ዓመት የአንዲት የከሳች፣ ደም ቀላቅላ የምትቀዝን ላም እበት ለምርመራ ደረሰኝ። እንደተማርኩት በተሞላ ጨው ውሃ በጠበጥኩት፤ ላይ የሰፈፈውን በማይክሮስኮፕ አየሁና ምንም የለም ብዬ ጻፍኩ። አንጋፋው ቴክኒሻን ግን አስደገመኝ። የብዙዎቹ የአንጀት ትሎች እንቁላል ቀላል ነው፣ ይንሳፈፋል። የጉበት ትልና የቢልሃርዝያ እንቁላል ግን ከባድ ነው፣ ይዘቅጣል። እበቱን በወንፊት አጥልለን፣ ለዘብ ባለ ጨው ውሃ እያጠብን ደጋግመን አዘቀጥነው። ጨው የሌለው ውሃ ቢሆን እጩ ተፈልፍሎ ባዶ ቅርፊት ይቀርልን ነበር። ከዝቃጩ ጠብታ ውስጥ እንደ እንዝርት የሾጠጠ፣ ጫፉ ላይ እሾህ ያለው እንቁላል ተገኘ። የከብት ቢልሃርዝያ ነበር።

ቢልሃርዝ የሰው ስም መሆኑን ያወቅኩት ከዚያ በኋላ ነው። ቴዎዶር ቢልሃርዝ እ.ኤ.አ. በ1825 በጀርመን ዚግማሪንገን ተወለደ። በ1850 መምህሩን ግሪዚንገርን ተከትሎ ካይሮ ገባ፤ በቀስር ኤል አይኒ ሆስፒታልም ሥራ ጀመረ። በ1851፣ ገና በ26 ዓመቱ፣ አስከሬን ሲመረምር ከአንጀት ወደ ጉበት በሚሄደው ደም ስር ውስጥ ከዚያ በፊት ያልታወቀ ትል አገኘ። ሴቷ በወንዱ ሆድ ላይ ባለው ቦይ ውስጥ ተጋድማ ትኖራለች። በግብፅ የተለመደው ደም የመሽናት ችግር ከዚህ ትል ጋር እንደሚያያዝም ደረሰበት። የሚያየውን ሁሉ በጀርመን ላለው መምህሩ ለፎን ዚቦልድ በደብዳቤ ይገልጽ ነበር።

ሰውየው በትል ብቻ የተወሰነ አልነበረም። ኤሌክትሪክ የሚያመነጨውን የናይል ዓሣ አጥንቶ መጽሐፍ አሳትሟል፤ የአናቶሚ መምህርም ሆኗል። ግን አንድ ነገር አመለጠው። እሾሁ ጫፉ ላይ የሆነውንም ከጎኑ የሆነውንም እንቁላል አይቷል፤ የሁለት የተለያዩ ትሎች መሆናቸውን ግን አልለየም። እኔ ግን አልፈርድበትም። ያስተማረው ሰው አልነበረም፤ እኔ መምህር እያለኝ ነው ዝቃጩን የደፋሁት።

በ1862 የሳክስ ኮቡርግ ጎታው መስፍን ዳግማዊ ኤርንስት ወደ መንሳና ቦጎስ ሲጓዝ ቢልሃርዝ አብሮት ምጽዋ ድረስ መጣ። እዚያ ሕመምተኛ ሲያክም ታይፈስ ያዘው። ካይሮ ተመልሶ በግንቦት ወር ሲሞት ዕድሜው 37 ነበር።

ከሞተ ከ14 ዓመት በኋላ፣ በ1876፣ ጣሊያናዊው ሶንሲኖ እዚያው ግብፅ ውስጥ ከበሬ ደም ስር የከብቱን ዝርያ አገኘ። ሁለቱ የሰው ትሎች የተለያዩ መሆናቸውንና በቀንድ አውጣ በኩል እንደሚተላለፉ ብሪታንያዊው ሌይፐር በግብፅ ያረጋገጠው ደግሞ በ1915 ነው። ሳይንሱ ትሉን ሺስቶሶማ ብሎታል። እኛ ግን፣ ገበሬውም ሐኪሙም፣ ዛሬም ቢልሃርዝያ እንላለን።

ላሚቱ መድኃኒት ወሰደች። እኔም ከዚያን ቀን ወዲህ፣ የከሳ ከብት እበት ሲመጣልኝ፣ ያንሳፈፍኩትን ከማየቴ በፊት ሌላውን አዘቅጣለሁ።