እቴጌ ምንትዋብና የአዲስ ኃላፊ አሠለጣጠን

በዛሬው ጽሑፋችን የምናነሳቸው እናት ስማቸው ለማናችንም እንግዳ አይደለም። ጎንደርን ቁልቁል በሚያየው ኮረብታ ላይ የቁስቋም ግንባቸው ፍርስራሽ እስከ ዛሬ ቆሟል። እኛ ግን የምናወራው ስለ ግንቡ አይደለም፤ ልምድ የሌለውን ሹም ለሥራ ስለ ማብቃት ከሕይወታቸው የምናገኘውን ትምህርት ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እቴጌ ምንትዋብ የቋራ ተወላጅ ሲሆኑ የክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ ነበር። ባለቤታቸው አጼ በካፋ በ1730 ሲያርፉ ዙፋኑ የተላለፈው ለልጃቸው ለኢያሱ ነው። እንግዲህ ንጉሡ የሰባት ዓመት ገደማ ልጅ ነበር። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ፊደል ይቆጥራል እንጂ አገር አያስተዳድርም። ስለዚህ እናቲቱ ራሳቸውም ዘውድ ጭነው ከልጃቸው ጋር አብረው ነገሡ። ኋላ ራስ የተባሉትን ወንድማቸውን ወልደ ልዑልንም ከጎናቸው አቆሙ።

መጀመሪያ ላይ ይህ ዘዴ ደግ ዘዴ ነበር። በ1732 ዐመፀኞች ግቢውን ሲከቡ ዙፋኑን ያተረፈው የእናትየው ብርታት ነው። ሕፃኑ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ያን ክፉ ጊዜ ባልተሻገረው ነበር። አዲስ ሹም ደጋፊ ያስፈልገዋል የምንለውም ለዚሁ ነው።

ችግሩ የመጣው ቆይቶ ነው። ልጁ አደገ፣ ጎረመሰ፤ የመንግሥቱ ሥራ ግን ከእናቱና ከአጎቱ እጅ አልወጣም። ኢያሱም ልቡን ወደ አደንና ወደ ግቢ ጌጥ አዞረ። በ1744 ጦር አስከትቶ ወደ ስናር ዘመተና ክፉኛ ተሸነፈ፤ ኵርዓተ ርእሱ የተባለው የተከበረ ሥዕል ሳይቀር በጠላት እጅ ወድቆ ኋላ በገንዘብ ተዋጅቶ ተመለሰ። ንጉሡ በ1755 ሲሞት ሃያ አምስት ዓመት ነግሦ ነበር፤ ያን ሁሉ ዘመን ግን ከእናቱ ጥላ አልወጣም።

ከዚያስ? የልጅ ልጃቸው ኢዮአስ ገና በልጅነቱ ነገሠ፤ እቴጌይቱም እንደገና ሞግዚት ሆኑ። ራስ ወልደ ልዑል በ1767 ሲሞቱ የእሳቸውን ቦታ የሚሸፍን ሰው ጠፋ። የእቴጌይቱ የቋራ ዘመዶችና የኢዮአስ እናት የውቢት ዘመዶች ተፋጠጡ። ከትግሬ የመጡት ራስ ሚካኤል ስሑል ኃይሉን ጠቀለሉት፤ በ1769 ኢዮአስ ተገደለ፣ ዘመነ መሳፍንትም ተከተለ። እቴጌይቱ ቁስቋም ከትመው በ1773 አረፉ።

ጥፋቱን ሁሉ በእሳቸው ላይ መጫን ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። የመኳንንቱ ሽኩቻ ከእሳቸው በፊትም ነበረ። ቢሆንም አንድ ነገር ጎልቶ ይታየናል፦ መደገፍን አውቀውበታል፤ መልቀቂያውን ቀን ግን አልቆረጡም። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ይባላል። እውነት ነው፤ ዳሩ ግን ልጁ ጨርሶ ካላቦካ መቼ ሊማር ነው?

ይኸ ጉዳይ እኛንም ይመለከታል። ከመካከላችን አንዳንዱ ጥቂት ዓመት እንዳስተማረ ዳባት ወይም ደባርቅ፣ አለዚያም ከመኪና መንገድ በራቀ ቀበሌ ርእሰ መምህር ሁን ይባላል። ነባሩ መምህር አዲሱን ሹም በሁለት መንገድ ሊጎዳው ይችላል፦ ብቻውን በመተው ወይም ሥራውን ሁሉ በመንጠቅ። የሚሻለው በመጀመሪያው ወር አብሮ መሥራት፣ በሁለተኛው እሱ ሲሠራ ከጎኑ ሆኖ ማየት፣ ከዚያ በኋላ ሲጠየቁ ብቻ መምከር ነው። የመምህራን ስብሰባውን እሱ ይምራ፤ የወላጆችን አቤቱታ እሱ ይስማ፤ ቢሳሳት ከሰው ፊት ሳይሆን ለብቻው ይታረም። አዲሱም ሹም ቢሆን መጠየቅን እንደ ውርደት አይቁጠረው።

እንግዲህ ቁስቋምን ስንጎበኝ ግንቡን ብቻ አይተን አንመለስ። ሰውን ኮትኩቶ ማሳደግና በጊዜው መልቀቅ ከግንብ ሥራ የማያንስ ሙያ መሆኑንም እናስታውስ።