ሄንሪ ስታንሌይ፤ ከመቅደላ እስከ ሰሜን ላምቤዝ

የጂኦግራፊ ትምህርት የተማረ ሁሉ የስታንሌይን ስም ያውቃል። ዶክተር ሊቪንግስተንን በታንጋኒካ ሐይቅ ዳር ፈልጎ ያገኘው፣ የኮንጎንም ወንዝ እስከ ባሕር ድረስ ተከትሎ የወረደው እሱ ነው። ይሁን እንጂ ይህ ሰው ከዚያ ሁሉ አስቀድሞ በእኛው በምዕራብ ወሎ ደጋ፣ በመቅደላ አምባ ላይ እንደ ቆመ፣ በሕይወቱም ማምሻ ለለንደን ከተማ አንድ ሠፈር የፓርላማ እንደራሴ እንደ ሆነ የሚያውቅ ጥቂት ነው። ያ የምርጫ ክልል ሰሜን ላምቤዝ ይባል ነበር። ዛሬ በዚያ ስም የሚጠራ የምርጫ ክልል የለም። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመቶች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የእኛው ሲሆን እንናገራለን።)

ስታንሌይ በ1841 ዓመት በዌልስ አገር ዴንቢ በምትባል ከተማ ተወለደ። ያን ጊዜ ስሙ ጆን ሮውላንድስ ነበር። እናቱ በሕግ ሳታገባ ስለ ወለደችው ለአያቱ ትታው ሄደች፤ አያቱም ሲሞት ገና ስድስት ዓመት የሆነውን ልጅ ወስደው በሴንት አሳፍ ከሚገኘው የድኾች ማኖሪያ ቤት አስገቡት። ይህ ቤት ድኻ እየሠራ የሚበላበት፣ ከእስር ቤት እምብዛም ያልተለየ ስፍራ ነበር። በእንግሊዝ አገር ሕግ ከመንግሥት የድኻ ምጽዋት የሚቀበል ሰው እስከ 1918 ድረስ የመምረጥ መብት አልነበረውም። የወደፊቱ እንደራሴ ያደገው እንግዲህ ድምፅ ከሌላቸው ሰዎች መካከል ነው።

በዐሥራ ስምንት ዓመቱ በመርከብ ተቀጥሮ ወደ አሜሪካ ተሻገረ። ስታንሌይ የሚለውን ስም ያወጣው እዚያ ነው። በአሜሪካ የርስ በርስ ጦርነት መጀመሪያ ከደቡቦቹ ጋር ተሰለፈ፤ በ1862 በሻይሎ ውጊያ ተማረከ፤ ቀጥሎም ወደ ሰሜኖቹ ዞረ፤ ኋላም ከባሕር ኃይላቸው ከድቶ ጠፋ። ወታደርነት እንዳልሆነለት ግልጽ ነው። ብዕር ግን ሆነለት፤ ኒው ዮርክ ሄራልድ ለሚባለው ጋዜጣ የጦር ወሬ ጸሐፊ ሆነ።

ወደ አገራችን የመጣው በዚህ ሥራ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ የእንግሊዝን ቆንስልና ሌሎች አውሮፓውያንን ስላሰሩ የእንግሊዝ ፓርላማ በኅዳር ወር 1867 ተሰብስቦ ለዘመቻ ሁለት ሚሊዮን ፓውንድ ፈቀደ። መጨረሻው ግን ወደ ዘጠኝ ሚሊዮን ተጠግቷል፤ የተከፈለውም ከእንግሊዝ ሕዝብ ግብር ነው። ጄኔራል ናፒየር 13 ሺህ ያህል ወታደርና 44 ዝሆኖች ይዞ ከዙላ ተነሣ። የሃያ ሰባት ዓመቱ ስታንሌይም የጋዜጣውን ስንቅ ይዞ ተከተለው።

ጦሩ የበሽሎን ገደል ተሻግሮ በስቅለት ዕለት አሮጌ ላይ ውጊያ ሆነ። ከኢትዮጵያውያን ወደ 700 ሰው ሲወድቅ ከእንግሊዞች ግን የቆሰለው 20 ያህል፣ የሞተው ሁለት ብቻ ነበር፤ የመሣሪያው ልዩነት ይህን ያህል ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር እንግሊዞች አምባውን ሲወጡ ዐፄ ቴዎድሮስ እጅ ከመስጠት በገዛ ሽጉጣቸው መሞትን መረጡ። ስታንሌይ ከሠራዊቱ ጋር ወጥቶ ሬሳቸውን አየ። ከዚያም በኋላ የሆነውን አየ፤ የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ዕቃ፣ የብራና መጻሕፍት፣ ዘውድ፣ ጽዋ፣ መስቀል ሲዘረፍ፣ አምባውም ሲቃጠል። ዘረፋው በ15 ዝሆኖችና በ200 ያህል በቅሎዎች ተጭኖ በደላንታ ሜዳ ላይ ሁለት ቀን ሙሉ በጨረታ ተሸጠ፤ ገንዘቡም ለወታደሮቹ ተከፋፈለ። ስታንሌይ ይህን ሁሉ በ1874 ባወጣው መጽሐፍ ጽፎታል፤ ያየውን ደኅና አድርጎ ይገልጻል እንጂ ብዙ የተጸጸተ አይመስልም። የሰባት ዓመቱ ልዑል ዓለማየሁም ከዚሁ አምባ ተወሰደ፤ ስታንሌይ ወደ ድኾች ቤት ከገባበት ዕድሜ ብዙም አይበልጥም ነበር።

ስታንሌይ ስሙን ያወጣው ግን በቴሌግራፍ ነው። ወደ አገራችን ሲመጣ ስዊዝ ላይ ለቴሌግራፍ ሹሙ ጉቦ ሰጥቶ ወሬው አስቀድሞ እንዲላክለት ተስማምቶ ነበር። ወሬው እንደ ተላከ በባሕር ውስጥ የተዘረጋው ሽቦ ተበጠሰ፤ የመቅደላን መያዝ ለንደን የሰማችው ከአሜሪካ ጋዜጣ ሆነ። በ1869 ሊቪንግስተንን እንዲፈልግ የተላከው፣ ከዚያም አፍሪካን ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ ያቋረጠው በዚህ ዝና ነው። ቀጥሎ ለቤልጂክ ንጉሥ ለሊዮፖልድ በኮንጎ የንግድ ጣቢያዎች አቆመ። በእነዚያ ጣቢያዎች ላይ የተመሠረተው አገዛዝ የኮንጎን ሕዝብ እንዴት እንዳሠቃየ ዓለም ያወቀው ነው፤ ስታንሌይም ከዚያ ወቀሳ ሊያመልጥ አይችልም።

በ1890 ዶሮቲ ቴናንት የምትባል ሠዓሊ አገባ። ባሏ እንደገና ወደ አፍሪካ እንዳይሄድባት ፓርላማ እንዲገባ የገፋፋችው እሷ ናት። የተመረጠለት ክልል ሰሜን ላምቤዝ ሆነ። ይህ ክልል ከቴምዝ ወንዝ በስተደቡብ፣ ከፓርላማው ማዶ ያለ፣ የዋተርሉ ባቡር ጣቢያ የሚገኝበት፣ የሠራተኞችና የድኾች ሠፈር ነበር። በ1885 ሕግ ሰፊው የላምቤዝ ክልል ተከፋፍሎ ሲወጣ ለመጀመሪያ ጊዜ የመረጠው እንደራሴ ጄኔራል ቻርልስ ክራውፈርድ ፍሬዘር ነው። ፍሬዘርም በ1868 ከናፒየር ጋር ወደ ኢትዮጵያ የዘመተ መኰንን ነበር! ይህች የወንዝ ዳር ሠፈር በመጀመሪያዎቹ ዐሥራ አምስት ዓመታት ካቆመቻቸው ሦስት እንደራሴዎች ሁለቱ የናፒየርን ዘመቻ ያዩ ሆኑ።

ስታንሌይ ለአሜሪካ ዜግነት ገብቶ ስለ ነበር በ1892 መጀመሪያ እንግሊዝነቱን ማስመለስ ነበረበት። ለምርጫው የቀረበውም ዐሥር ቀን ያህል ሲቀረው ነው። ቤት ለቤት እየዞርኩ ድምፅ አልለምንም አለ። ሲናገር ተቃዋሚዎች ጮኹበት፤ መድረኩን ወረሩት፤ የተሳፈሩበት ሠረገላ በር እንኳ ተገነጠለ። የአፍሪካን ጫካ ያቋረጠ ሰው በላምቤዝ አዳራሽ መናገር ተሳነው። በ130 ድምፅ ተሸነፈ፤ የሊብራሉ ኮልድዌልስ ተመረጠ። በ1895 እንደገና ቀርቦ በ405 ድምፅ አሸነፈ። ብዙውን የሠፈር ሥራ የሠራችለት ሚስቱ ናት፤ ራስዋ ግን ለባልዋ ድምፅ ለመስጠት አትችልም ነበር፤ የእንግሊዝ ሴቶች መምረጥ የጀመሩት በ1918 ነውና። በአገራችን ሕዝቡ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባሎችን ለመጀመሪያ ጊዜ ራሱ ሲመርጥ፣ በ1949 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር፣ ሴቶች መርጠዋል፤ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩም ተመርጠዋል። ደግሞም የእኛው የ1948ቱ ሕገ መንግሥት እንደራሴው በሚመረጥበት ወረዳ የሚኖርና ንብረት ያለው እንዲሆን ያዝዝ ነበር። ስታንሌይ ግን የሚኖረው ከወንዙ ማዶ ነበር፤ በእኛ ሕግ ቢሆን ለላምቤዝ መቅረብ ባልቻለም።

በምክር ቤቱ ውስጥ ደስታ አላገኘም። አየሩ የታፈነ ነው፤ ስብሰባው እስከ እኩለ ሌሊት ይዘልቃል፤ ለመናገር ቢነሣም አፈ ጉባኤው ሌላውን ይጠራል። ሺህ ሰው ያዝዝ የነበረ ሰው ከስድስት መቶ ሰባ አንዱ ሆኖ ተቀመጠ። አስቀድሞ በ1871 በዚያው ምክር ቤት ጠቅላይ ሚኒስትር ግላድስተን የመቅደላ ዘውድና ጽዋ ወደ እንግሊዝ አገር መምጣቱን ነቅፎ፣ የሚመለስበት ቀን እስኪደርስ በአደራ እንዲቀመጥ ፈልጎ ነበር። የወርቁ ዘውድና ጽዋው ግን ዛሬም በለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይገኛሉ፤ ስታንሌይ ከተቀመጠበት ወንበር በእግር አንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ነው።

በ1900 ምርጫ አልቀረበም። አስቀድሞ የሰር ማዕረግ ተሰጥቶት ነበር። ታሞ ግንቦት 10 ቀን 1904 ሞተ። ከሊቪንግስተን አጠገብ በዌስትሚንስተር ለመቀበር ቢመኝም የቤተ ክርስቲያኑ አለቃ አልፈቀደም፤ በፐርብራይት መንደር ተቀበረ።

ሰሜን ላምቤዝ ከእሱ በኋላ ሃምሳ ዓመት ኖረ። አንዴ ወግ አጥባቂዎችን፣ አንዴ ሊብራሎችን መረጠ፤ ፍራንክ ብራያንት የሚባለው ሊብራል ለረጅም ጊዜ አገለገለው፤ በመጨረሻም የሠራተኞች ወገን የሆነው ጆርጅ ስትራውስ ያዘው። በ1950 የምርጫ ክልሎች እንደገና ሲደለደሉ ስሙ ከዝርዝሩ ወጣ፤ ስትራውስም ለአጎራባቹ ለቮክስሆል ክልል ቀርቦ ተመረጠ።