የመድረኩ መሐንዲስ ጃኮሞ ቶሬሊ

በአውሮፓ የቴአትር ታሪክ ደራስያንና ተዋንያን ስማቸው ከፍ ብሎ ሲጠራ፣ ከመድረኩ ወለል በታች በጨለማ የሠሩት ሰዎች እምብዛም አይታወሱም። ከእነዚህ አንዱ ኢጣሊያዊው ጃኮሞ ቶሬሊ ነው። የዘመኑ ሰው ታላቁ ጠንቋይ ይበለው እንጂ፣ ቶሬሊ የሚያውቀው አስማት የገመድ፣ የመዘውርና የክብደት ስሌት ብቻ ነበር።

ቶሬሊ እ.ኤ.አ. በ1608 በአድሪያቲክ ባሕር ዳርቻ በምትገኘው በፋኖ ከተማ ተወለደ። የከተማይቱ ስም በአማርኛ ከምናውቀው ቃል ጋር በድምፅ ይመሳሰል እንጂ ዝምድና የለውም። ከፋኖ ጥቂት ራቅ ብላ የምትገኘው ፔዛሮ ደግሞ የኒኮላ ሳባቲኒ አገር ናት። ሳባቲኒ በ1638 ስለ መድረክ አሠራር ያሳተመው መጽሐፍ ቶሬሊ የወረሰውን ችግር ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። በዚያን ዘመን ትዕይንት የሚሠራው ሥዕል የተቀባ ሸራ በተወጠረባቸው ክፈፎች ነበር። ክፈፎቹ በመድረኩ ግራና ቀኝ ከፊት ወደ ኋላ እየጠበቡ ስለሚደረደሩ፣ ለተመልካቹ የረጅም ጎዳና ወይም የጥልቅ ደን መልክ ይሰጡታል። ጎዳናው ወደ ደን እንዲለወጥ ሲፈለግ ግን ሠራተኞች በየክፈፉ አጠገብ ቆመው በወለሉ ላይ በተበጀ ቦይ ውስጥ መግፋት ነበረባቸው። አንዱ ይቀድማል፤ ሌላው ይዘገያል፤ ሦስተኛው ከመንገድ ላይ ይጣበቃል። ሳባቲኒ ለዚህ ከመከራቸው ዘዴዎች አንዱ ከአዳራሹ በስተኋላ ሐሰተኛ ጠብ አስነሥቶ፣ ተመልካቹ ዞር ባለበት ቅጽበት ትዕይንቱን መለወጥ ነው። ሆኖም የሐሰቱ ጠብ እውነተኛ ድንጋጤ እንዳያስከትል በመሥጋት ጥሩምባ ማስነፋቱን ይመርጣል። ችግሩን ከመፍታት ይልቅ ዐይንን ከችግሩ ማሸሽ ነበር ማለት ነው።

ቶሬሊ ያደረገው የዚህን ተቃራኒ ነው። ተመልካቹ ዐይኑን እንዳይነቅል፣ ለውጡ ራሱ ትርኢት እንዲሆንለት ፈለገ። ዕድሉን ያገኘው በቬኒስ ነው። በዚያች ከተማ በ1637 የመጀመሪያው የሕዝብ ኦፔራ ቤት ተከፍቶ፣ ከፍሎ የሚገባው ተመልካች በየዓመቱ አዲስ ነገር ይጠብቅ ነበር። በ1641 ኖቪሲሞ የተባለው ቴአትር ቤት ላ ፊንታ ፓዛ በተሰኘው ኦፔራ ሲመረቅ የመድረኩ መሐንዲስ ቶሬሊ ነበር። አስቀድሞ በቬኒስ የመርከብ ሥራ ቦታ በአርሴናሌ አገልግሏል ተብሎ ይነገራል። እውነትም መሣሪያዎቹን ለተመለከተ፣ ምሰሶውም፣ ገመዱም፣ መጠምጠሚያውም መርከብን የሚያስታውሱ ናቸው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በመድረኩ ወለል ላይ ከግራ ወደ ቀኝ የሚሄዱ ስንጥቆች ይበጃሉ። በእያንዳንዱ ስንጥቅ ምሰሶ ያልፋል፤ የላይኛው ክፍል ክፈፉን ይሸከማል፤ የታችኛው ጫፍ ከወለሉ በታች በሐዲድ ላይ በሚሽከረከር ትንሽ ጋሪ ላይ ተተክሏል። በየክፈፉ ቦታ ሁለት ጋሪዎች አሉ፤ አንዱ የሚታየውን ክፈፍ፣ ሌላው ተሰውሮ ተራውን የሚጠብቀውን የያዘ ነው። የሁሉም ጋሪዎች ገመድ ከመድረኩ በታች በተዘረጋ በአንድ ረጅም ዘንግ ላይ ተያይዟል። ዘንጉ ሲዞር የፊተኞቹ ይወጣሉ፤ የኋለኞቹ በዚያው ፍጥነት ይገባሉ። ዘንጉን የሚያዞረው ደግሞ አስቀድሞ ወደ ላይ የተሳበ ከባድ ክብደት ነው። ማገጃው ሲለቀቅ ክብደቱ ይወርዳል፤ በግራና በቀኝ ያለው ሁሉ ባንድ ጊዜ ይለወጣል። የብዙ ሰው ጉልበት ቀደም ብሎ በዝግታ ተጠራቅሞ በአንድ ቅጽበት ስለሚለቀቅ፣ በዘመኑ በታተመ የትርኢት መግለጫ እንደተገለጸው፣ ማገጃውን ለመልቀቅ የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ ይበቃ ነበር። ጋሪና ምሰሶ ከእርሱ በፊት ፈጽሞ አልታሰበም ለማለት አይቻልም። ሁሉን ከአንድ ዘንግ ጋር ያቆራኘው ግን ቶሬሊ ነው፤ ትልቁም እርምጃ ይኸው ነው።

ዝናው አልፕስን ተሻገረ። በ1645 ወደ ፓሪስ ተጠርቶ ፔቲ ቡርቦን በተባለው አዳራሽ መድረኩን ለመሣሪያዎቹ እንዲመች አድርጎ አስተካከለና በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ላ ፊንታ ፓዛን አቀረበ። ንጉሥ ሉዊ 14ኛ ያን ጊዜ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። በ1647 በፓሌ ሮያል የታየው ኦርፌዎ ግን ውጪው ስለበዛ፣ በኢጣሊያዊው ካርዲናል ማዛረን ላይ ቂም ለቋጠሩ ሰዎች መነጋገሪያ ሆነ። በተከታዩ ዓመት ፍሮንድ የተባለው ዐመፅ ተነሣ። የኦርፌዎ መሣሪያዎች ግን አልባከኑም፤ በ1650 ኮርኔይ በጻፈው አንድሮሜድ ውስጥ ገቡ። ፔርሴዎስ በክንፋማ ፈረስ ሲበር የታየበት ይህ ድርሰት ነው። ኮርኔይ መሣሪያዎቹ እንዲያው ጌጥ ሳይሆኑ ታሪኩ የሚቋጠርባቸውና የሚፈታባቸው መሆናቸውን በጽሑፍ መስክሯል። ከታላቅ ደራሲ ለመድረክ መሐንዲስ እንዲህ ያለ ምስክርነት ብዙ ጊዜ አይገኝም።

በ1659 ማዛረን ለንጉሡ ሠርግ በቱይለሪ ቤተ መንግሥት ታላቅ ቴአትር ቤት ለማሠራት ሲያስብ ጋስፓሬ ቪጋራኒን ከሞዴና አስመጣ። በ1660 ለሉቭር ማስፋፊያ ሲባል ፔቲ ቡርቦን መፍረስ ጀመረ። በዚያ ይጫወት የነበረው የሞሊየር ቡድን የሚችለውን ይዞ ወጣ። ጌጣጌጦቹን ግን ቪጋራኒ ለአዲሱ ሥራ ያገለግላሉ ብሎ አስቀራቸው። የቡድኑ ተዋናይ ላ ግራንዥ በመዝገቡ እንዳሰፈረው፣ ቪጋራኒ ከቶሬሊ ሥራ አንዳች መታሰቢያ እንዳይቀር ሁሉንም በእሳት አቃጠላቸው። የዐሥራ አምስት ዓመት ድካም በዚህ ዓይነት አለቀ። በ1662 የተከፈተው የቪጋራኒ አዳራሽ ግን ከስፋቱ የተነሣ የተዋንያኑ ድምፅ በደኅና የማይሰማበት ሆነና ከምረቃው በኋላ እምብዛም አልተሠራበትም።

ቶሬሊ አንድ ጊዜ ደግሞ ዕድሉን ሞከረ። ነሐሴ 17 ቀን 1661 የገንዘብ ሹሙ ፉኬ በቮ ለ ቪኮምት ለንጉሡ ባደረገው ግብዣ ላይ የሞሊየር ሌ ፋሼ ሲታይ የመድረኩን መሣሪያ ያሰናዳው እርሱ ነው። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ፉኬ ታሰረ። ማዛረን በዚያው ዓመት ቀደም ብሎ ሞቶ ስለነበር ቶሬሊ ደጋፊ አልቀረውም። ወደ ትውልድ ከተማው ተመለሰ።

በፋኖ ለከተማው ሕዝብ ቴአትሮ ዴላ ፎርቱና የተባለውን ቴአትር ቤት አሠራ፤ ቤቱ በ1677 ተመረቀ። ቶሬሊ በዓመቱ በ1678 ዐረፈ። ይህም ሕንፃ አልሰነበተለትም፤ በ19ኛው መቶ ዘመን በቦታው ሌላ ቴአትር ቤት ተተካ።

ቪጋራኒ ያቃጠለው እንጨቱንና ሸራውን ነው። ስልቱን ግን የአውሮፓ ቴአትር ቤቶች ተቀባብለውታል፤ በ1772 የታተመው የፈረንሳዮቹ ኢንሲክሎፔዲ የሥዕል ቅጽም የዚህ ዓይነት መሣሪያዎችን በዝርዝር አሳይቷል። ከስቶክሆልም አጠገብ በድሮትኒንግሆልም ቤተ መንግሥት በ1766 የተሠራው ቴአትር ቤት ደግሞ ከመቶ ዓመት በላይ ተረስቶ ከኖረ በኋላ በ1921 ሲከፈት፣ ጋሪዎቹም ምሰሶዎቹም በየቦታቸው ተገኙ። እዚያ በበጋ ወራት ኦፔራ ሲታይ፣ ሠራተኞች ከወለሉ በታች መጠምጠሚያውን ይገፋሉ፤ ከላይም በጥቂት ሴኮንድ አዳራሹ ደን ይሆናል።