መንገደኛ የሚፈራው ሽፍታ የሐረም ጎረቤት ሆነ

 

ዛሬ የፉደይል ኢብኑ ዒያድን (ረሂመሁላህ) ታሪክ እናስታውሳችሁ።

ፉደይል በኹራሳን፣ ከአቢወርድ ወደ ሰረኽስ በሚወስደው መንገድ ላይ ሽፍታ ነበር። የዚያ ዘመን ነጋዴ ዕቃውን ጭኖ በሲራራ ይጓዛል። መንገድ ቆራጭ ደግሞ ሲራራው የት እንደሚያልፍ፣ ከከተማ ርቆ ረዳት የሚያጣው የት ላይ እንደሆነ ያውቃል። ትልቁ መሣሪያው ግን ፍርሃት ነው። ስሙ ብቻ መንገድ ይዘጋል።

አንድ ሌሊት ፉደይል ወደሚወዳት ሴት ለመግባት ግድግዳ ሲወጣ አንድ ሰው ቁርኣን ሲቀራ ሰማ። የአማኞችን ልብ መድረቅ የምትወቅሰዋ የሱረቱል ሐዲድ 16ኛ አያ ነበረች። ለእሱ የወረደች ያህል ተሰማው። ከግድግዳው ወርዶ ተመለሰ።

ለማደር ወደ አንድ ፍርስራሽ ሲጠጋ መንገደኞች አገኘ። ገሚሱ በሌሊት እንሂድ ሲሉ፣ ገሚሱ ፉደይል መንገድ ላይ ስላለ ይንጋልን ይላሉ።

እስቲ አስበው ወንድሜ! አስቢው እህቴ! እሱ ለወንጀል ሲሮጥ ሙስሊሞች እሱን ፈርተው ታግተዋል። አላህ ወደዚያ ያመጣው ይህን እንዲሰማ እንደሆነ ገባው። እዚያው ተውበት አደረገ፤ ቀሪ ዕድሜውንም በተከበረው ቤት ጉርብትና ሊያሳልፍ ቃል ገባ።

ተውበቱ በአንድ ሌሊት እንባ አላበቃም። ያን መንገድ ትቶ ኩፋ ገባ፤ ከነአዕመሽ ሐዲስ ተማረ። ከዚያም መካ ኖረ፤ በ187 ዓመተ ሂጅራ እዚያው ሞተ። እነ ኢብኑል ሙባረክና ኢማሙ ሻፊዒይ ከእሱ ሐዲስ አስተላልፈዋል። ኸሊፋው ሃሩን አር-ረሺድ ምክር ፍለጋ በሌሊት በሩን አንኳክቶ ገንዘብ ቢሰጠው አልቀበልም ማለቱም ይወሳል። የሰው ሀብት ይቀማ የነበረ እጅ በፈቃድ የተሰጠውን መለሰ!

እኛ ሲራራ አልዘረፍን ይሆናል። ግን ድምፃችንን ሲሰማ የሚሸማቀቅ ታናሽ ወንድም፣ ምላሳችንን ፈርቶ መንገድ የሚቀይር ጎረቤት የለንም? በእጃችን ያለ የሰው ሐቅስ? ሐቅ በእስቲግፋር ብቻ አይወርድም፤ ለባለቤቱ ይመለሳል፣ ወይም ዐፉ ይባላል። ዛሬ ከመግሪብ በፊት ለአንድ ሰው እንደውል።

ያ አላህ! ሰዎች ከክፋታችን ሰላም የሚያገኙ ባሮችህ አድርገን። አሚን!

ሱረቱል ከህፍና ሰለዋት እንዳይረሳ።