ሲመሽ የተጠራው ዘፋኝ፤ ሮይ ኦርቢሰን

በስተርጅና ተሰብስበው እንደገና ሸክላ የሚያስቀርጹና በየአገሩ እየዞሩ የሚጫወቱ የሮክ ሙዚቀኞች ወሬ በተሰማ ቁጥር፥ እኛ ወጣቶች ፈጥነን የምንሰጠው ፍርድ አለ። ገንዘብ አጥሯቸው ነው እንላለን፤ አለዚያም ያለፈ ጊዜያቸው ናፍቋቸው ነው እንላለን። ፍርዱ አንዳንድ ጊዜ እውነት ይሆናል። ሁልጊዜ ግን እውነት አለመሆኑን የሚያስረዳ የአንድ ሰው ሕይወት ስላለ፥ ዛሬ እሱን ለአንባቢዎቻችን በአጭሩ ልንተርክ አሰብን። ይህም ሰው አሜሪካዊው ዘፋኝ ሮይ ኦርቢሰን ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሮይ በ1936 ዓ.ም. በቴክሳስ ቬርኖን በምትባል ከተማ ተወለደ፤ ያደገው ግን በዚያው ክፍለ ሀገር ዊንክ በምትባል፥ አሸዋና የነዳጅ ጉድጓድ በከበባት ትንሽ ከተማ ነው። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ዓይኑ ደካማ ስለ ነበረ ያለ መነጽር አያይም ነበር። ስድስት ዓመት ሲሞላው አባቱ ጊታር ሰጡት። ተማሪ ሳለም ከጓደኞቹ ጋር ባንድ አቋቁሞ ይጫወት ጀመር። በ1956 ኤልቪስ ፕሬስሊ የመጀመሪያ ሸክላዎቹን ባስቀረጸበት በሜምፊስ ከተማ፥ በሰን ኩባንያ፥ የራሱን ሸክላ አወጣ። ያ ቤት ግን ፈጣን ዘፈን የሚፈልግ ነበርና ለሮይ ድምፅ አልተስማማውም፤ እሱ የሚያምርበት ኀዘን ያለበትን ዘፈን ከዝቅታ ጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ ላይ ሲያወጣው ነው።

ይህ ችሎታው በ1960 «ኦንሊ ዘ ሎንሊ» በተባለው ዘፈን ታወቀ። ከዚያ እስከ 1964 ባለው ጊዜ ስሙ በአሜሪካም በእንግሊዝም ገነነ፤ በ1964 ያወጣው «ኦ፥ ፕሪቲ ዉማን» በሁለቱም አገሮች አንደኛ ወጣ። በ1963 ወደ እንግሊዝ ሄዶ ቢትልስ ከተባሉት ወጣቶች ጋር በየከተማው ሲጫወት፥ ዝግጅቱ የታሰበው ለእሱ ሆኖ ሳለ፥ የወጣቶቹን ዝና ተመልክቶ የመዝጊያውን ተራ ያለ ቅሬታ ለቀቀላቸው። ከነዚያ ወጣቶች አንዱ የሃያ ዓመቱ ጆርጅ ሃሪሰን ነበር። ይህን ስም አንባቢያችን በልቡ ይያዝልን።

ከዚህ በኋላ መከራው መጣ። በ1966 ባለቤቱ ክሎዴት በሞተር ሳይክል ስትሄድ በደረሰባት አደጋ ሞተች። በ1968 ደግሞ እሱ እንግሊዝ አገር እየዘፈነ ሳለ በቴነሲ የነበረው ቤቱ ተቃጥሎ፥ ከሦስቱ ልጆቹ ሁለቱ ታላላቆቹ በእሳቱ አለቁ። ቤቱ የነበረበትን ቦታ ጎረቤቱ ዘፋኙ ጆኒ ካሽ ገዝቶ የፍሬ ዛፍ ተከለበት። ሮይ በ1969 እንደገና አገባ፤ መዝፈኑንም አላቆመም። ነገር ግን የሕዝቡ ጆሮ ወደ ሌላ ዞሮ ስለ ነበረ የሚያወጣቸው ሸክላዎች ገዢ አጡ። በ1978 የልብ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። በነዚያ ዓመታት የሚያስደንቀው ነገር ዘፈኖቹ አለመሞታቸው ነው፤ ሊንዳ ሮንስታድት በ1977፥ ቫን ሄለን በ1982 የእሱን ዘፈኖች እንደገና ዘፍነው ዝና አተረፉባቸው። ዘፈኖቹን የሚያውቅ ሁሉ ደራሲያቸውን የሚያስታውስ ግን አልነበረም።

በ1985 ከጆኒ ካሽ፥ ከጄሪ ሊ ሉዊስና ከካርል ፐርኪንስ ጋር በሜምፊስ ተገናኝተው አንድ ሸክላ አስቀረጹ። አራቱም በወጣትነታቸው የሰን ኩባንያ ልጆች ነበሩ። ሥራው ባመዛኙ ያለፈውን ዘመን የሚያወሳ ነበር፤ በፍርዳችን የምንተቸው ዓይነት መሰባሰብ ቢባል ሐሰት አይሆንም። በመስከረም 1987 ግን በሎስ አንጀለስ በአንድ ሆቴል አዳራሽ ሲዘፍን፥ ብሩስ ስፕሪንግስቲንን የመሰሉ ስመ ጥር ሰዎች የእሱ አጃቢ ሆነው ከኋላው ቆሙ። ድምፁ እንደ ቀድሞው ነበረ።

በ1988 የጸደይ ወራት ጆርጅ ሃሪሰን ለአንድ ሸክላው ጀርባ የሚሆን ዘፈን ቸኩሎ ይፈልግ ነበር። ሮይን፥ ቦብ ዲላንን፥ ቶም ፔቲንና ጄፍ ሊንን ይዞ በዲላን ጋራዥ ውስጥ አንድ ዘፈን ሠሩ። ኩባንያው ይህ ለሸክላ ጀርባ አይባክንም ስላለ፥ አምስቱ ራሳቸውን የአንድ ቤት ወንድማማቾች አስመስለው ትራቭሊንግ ዊልበሪስ በሚል ስም አንድ ሙሉ አልበም በጥቂት ቀናት ጨረሱ። ከሃያ አምስት ዓመት በፊት የመዝጊያውን ተራ የተለቀቀለት ወጣት፥ አሁን እሱ ራሱ ታላቁን ጠርቶ ቦታ ሰጠው። ይህ መሰባሰብ ካለፈው ዘመን ትርፍ ለመልቀም የተደረገ አልነበረም፤ አዲስ ሥራ የወለደ ነው።

አልበሙ በጥቅምት ወጣና እጅግ ተወደደ። ሮይም «ሚስተሪ ገርል» የተባለውን የራሱን አዲስ አልበም አዘጋጅቶ ነበር። ዳሩ ግን በታኅሣሥ 1988 በኦሃዮ ዘፍኖ በተመለሰ በሁለተኛው ቀን በልብ ድካም ሞተ፤ ዕድሜው 52 ዓመት ነበር። አልበሙ በ1989 መጀመሪያ ሲወጣ ከዊልበሪስ ሸክላ ጋር ባንድነት በአሜሪካ ከአምስቱ የመጀመሪያዎቹ ውስጥ ገባ። እሱ ግን አላየውም።

እኛ ከትምህርት ቤት ወጥተን ብዙ ያልቆየን ሰዎች፥ በየመሥሪያ ቤታችን ዕድሜው ገፋ ያለውን ባልደረባ ሥራው እንዳበቃ አድርገን የመቁጠር ልማድ አለብን። የሮይ ኦርቢሰን ታሪክ ሁለት ነገር ያሳስበናል። አንደኛው፥ ችሎታ ጠሪ ሲያጣ ዝም ይላል እንጂ በዝምታው ምክንያት አይጠፋም። ሁለተኛው ይከብዳል፤ ጠሪው ሲዘገይ ለሥራ የሚተርፈው ጊዜ አንድ ጸደይና አንድ በጋ ብቻ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የምናውቀው ባለሙያ ካለ፥ ሳይመሽበት እንጥራው።