የመኪናን ብልጭታ ከክስ ነጻ ያወጡት መሐንዲስ ቻርልስ ኬተሪንግ

አሜሪካዊው የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ቻርልስ ኬተሪንግ በስፋት የሚታወቁት መኪና ያለ እጅ መዘውር እንዲነሳ ባደረገው የፈጠራ ሥራቸው ነው። ከዚህ ያላነሰ ትኩረት የሚሻው ግን የሠሩት የማቀጣጠያ መሣሪያ የቀረበበት ክስና ክሱን ለማጣራት ያካሄዱት ፍተሻ ያስከተለው ውጤት ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኬተሪንግ በ1876 በኦሃዮ ግዛት ላውደንቪል አቅራቢያ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለዱ። የዓይን ሕመም ትምህርታቸውን አቋርጦባቸው ከስልክ መስመር ዘርጊዎች ጋር የሠሩበት ጊዜ ነበር። ከኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በኤሌክትሪክ ምሕንድስና የተመረቁት በ1904 ነው። ከዚያም በዴይተን ከተማ በናሽናል ካሽ ሬጅስተር ኩባንያ ተቀጥረው በእጅ ይሽከረከር የነበረውን የገንዘብ መመዝገቢያ ማሽን በኤሌክትሪክ እንዲሠራ አደረጉ።

ከሥራ ሰዓት ውጪ ደግሞ በባልደረባቸው ኤድዋርድ ዲድስ ግቢ በሚገኝ ጎተራ ውስጥ ከጥቂት ጓደኞቻቸው ጋር የመኪና ማቀጣጠያ መሥራት ጀመሩ። በ1909 ዴልኮ የተባለውን ኩባንያ ከዲድስ ጋር መሠረቱ፤ መሣሪያቸውም በ1910 ሞዴል የካዲላክ መኪኖች ላይ ተገጠመ። በ1912 ሞዴል ካዲላክ ላይ ሞተሪኖው፣ መብራቱና ማቀጣጠያው ከአንድ ባትሪና ከአንድ ጄኔሬተር ኃይል የሚያገኙበት ሥርዓት ለገበያ ቀረበ።

የማቀጣጠያው አሠራር ለማስረዳት አስቸጋሪ አይደለም። ከባትሪ የሚመጣው አነስተኛ ቮልቴጅ ያለው ኤሌክትሪክ በኮይሉ የመጀመሪያ ጥቅል ሽቦ ውስጥ ያልፋል። ከሞተሩ ጋር የሚከፈትና የሚዘጋው የብረት መገናኛ ኤሌክትሪኩን በድንገት ሲያቋርጠው በሁለተኛው ጥቅል ላይ በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ይፈጠራል። ይህንንም ዲስትሪቢውተሩ በየተራ ለካንዴላዎቹ ያከፋፍላል።

ክሱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ሞተሮች ጉልበታቸው እየጨመረ ሲሄድ በተለይ ዳገት ላይ በመዶሻ እንደሚመቱ ያህል ማንኳኳት ጀመሩ። ብዙዎችም ጥፋተኛው የኬተሪንግ የባትሪ ማቀጣጠያ ነው አሉ። እውነቱን ለመናገር ከሳሾቹ ጨርሶ ያለ ምክንያት አልተነሱም፤ ብልጭታው ከጊዜው ቀድሞ ሲወጣ ሞተር ያንኳኳልና። ኬተሪንግ ግን በግምት መከራከርን ትተው ጉዳዩን በ1916 ለረዳታቸው ለቶማስ ሚጅሊ ሰጡ። ሚጅሊ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለውን ግፊት እየመዘገበ ሲከታተል፣ ድንገተኛው የግፊት መናር የሚከሰተው ከብልጭታው በፊት ሳይሆን ነዳጁ መቀጣጠል ከጀመረ በኋላ መሆኑን አረጋገጠ። ስለዚህ ጥፋቱ የነዳጁ እንጂ የማቀጣጠያው አልነበረም።

ከዚያ በኋላ የተካሄደው ማንኳኳትን የሚያስቀር ቅመም ፍለጋ ዓመታት ፈጀ። ኬተሪንግ በ1920 የጄኔራል ሞተርስ የምርምር ኃላፊ ሆኑ፤ በታኅሣሥ 1921 ደግሞ የሚጅሊ ቡድን ቴትራኤቲል ሊድ የተባለ የእርሳስ ውህድ ማንኳኳቱን እንደሚያጠፋ አገኘ። እርሳስ መርዝ መሆኑ በዚያን ጊዜም የታወቀ ነበር። በጥቅምት 1924 በኒው ጀርሲ ቤይዌይ ማጣሪያ ውህዱን ሲያመርቱ ከነበሩ ሠራተኞች አምስቱ ሲሞቱ በርካቶች ሆስፒታል ገቡ። ቅመሙን ለገበያ የሚያቀርበው የኤቲል ኩባንያ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ኬተሪንግ ነበሩ። ሽያጩ በ1925 ቢቋረጥም በ1926 እንደገና ተጀመረ። የማንኳኳትን መንስኤ ለማወቅ ያሳዩትን ትዕግሥት የመፍትሔውን ጉዳት ለመመርመር አለማሳየታቸው በሕይወት ታሪካቸው ውስጥ የሚያስወቅሳቸው ጉዳይ ነው።

ኬተሪንግ የጄኔራል ሞተርስን ምርምር እስከ 1947 መርተው በ1958 በ82 ዓመታቸው በዴይተን አረፉ። ስማቸውን የያዘው የኒው ዮርኩ የስሎን ኬተሪንግ የካንሰር ምርምር ተቋም የተመሠረተው በ1945 ነው።

ከእርሳቸው ሞት በኋላ የተስፋፋው ኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያ በመጀመሪያ የለወጠው ያንን እየተቃጠለና እየተበላ በየጊዜው ማስተካከያ ይሻ የነበረውን የብረት መገናኛ ብቻ ነው። በ1970ዎቹ አጋማሽ ትልልቅ የአሜሪካ አምራቾች ቦታውን ለመግነጢሳዊ መቀበያና ለኤሌክትሮኒክ ሞጁል ሰጡት፤ ኮይሉ፣ ዲስትሪቢውተሩና ካንዴላው ባሉበት ቀሩ። በመሆኑም የእነዚህ መኪኖች ብልሽት ሲፈተሽ ባትሪው፣ ወደ ኮይሉ የሚገባው ኤሌክትሪክ፣ የሽቦ መጋጠሚያዎቹና የካንዴላው ብልጭታ አስቀድመው ይታያሉ። ሞጁል በቅድሚያ መቀየር ብዙ ጊዜ ገንዘብ ማባከን ነው። አስቸጋሪው ሲሞቅ ሥራ አቁሞ ሲቀዘቅዝ የሚመለሰው ሞጁል ነው፤ መኪናው ጋራዥ እስኪደርስ ደህና ይሆንና መካኒኩን ያሳስታል። ከሥሩ የሚቀባው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት ሲጎድል ይህ ችግር ይደጋገማል።

ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ማንኳኳትን የሚያዳምጥ ሴንሰር በሞተር ላይ መገጠም ጀመረ። ሞተሩ ሲያንኳኳ መቆጣጠሪያው ብልጭታውን ጥቂት ያዘገየዋል፤ ድምፁም ያለ እርሳስ ይጠፋል። ኢትዮጵያን ጨምሮ ከሰሃራ በታች ያሉ የአፍሪካ አገሮች እርሳስ ያለበትን የመኪና ቤንዚን እስከ 2006 መጀመሪያ አስወግደዋል። የመጨረሻዋ አገር አልጄሪያ ሽያጩን ያቆመችው በ2021 ነው።